መጨረሻዋ ክፍል

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ላይ ሰማዩ ተቀዷል፣
የጂረን ዳገቱ ጭቃ ሆኖ ወርዷል።
ባጃጁ ድልድይ ላይ አልወጣም ቢል ጊዜ
ሽቅብ ወጣሁ በእግሬ፣ ፓይፕ መፍቻዬን ይዤ።

ሳሎኑ መሀል ላይ አራት የብረት ጎድን
ተጋድመው አየሁኝ፣ እንደ ታረደ ሰንጋ፤
አዲስ አበባ ላይ ከፈረሰ ሆቴል
በኪሎ የገዙት፣ በቁርጥራጭ ዋጋ።

«ሶፊያ ስማር ሳለሁ፣ በረዶ ሲጋገር፣
እንዲህ ያለው ብረት ግድግዳው ሥር ነበር፤
ካልሲዬ ሲደርቅ ጀርባዬን ሰጥቼ
ስንቱን መጽሐፍ ጨረስኩ፣ እንቅልፌን ትቼ»
አሉኝ ጋሽ ተማም።
«ቦይለሩን ለበያጅ ሰጥቻለሁ፤ በቡና ገለባ ይነድዳል።
የቀረኝ መስመሩ ነው፤ ውኃው በየት ይሄዳል?»

እኔ ሻወር እንጂ፣ እኔ ሲንክ እንጂ
ቤት የሚያሞቅ ቧንቧ ዘርግቼ አላውቅም፤
ግን ውኃ ውኃ ነው፤ መንገዱን በብልሃት
ካላሳዩት በቀር ሩቁን አይጠይቅም።

ጠመኔ አወጣሁ፣ ሲሚንቶው ላይ አራት ሳጥን ሣልሁ፦
ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ የልጁ፣
ከኮሪደሩ ጥግ ደግሞ የእህታቸው፣ የአዴ ሰዓዳ፤
ሂርማታ ገበያ ማር ሸጠው ወንድም ያስተማሩ፣
ዝናብ በጣለ ቀን ጉልበታቸውን በሻሽ አስረው የሚያድሩ።

«አንደኛው ይሄ ነው፤ አንድ ቧንቧ ብቻ።
ከሳሎን ተነሥቶ፣ በመኝታ አልፎ፣ ልጁ ጋ፣ ከዚያም ማዶ።
ርካሽ ነው። ግን ውኃው ለየክፍሉ ሙቀት እየከፈለ ሄዶ
አዴ ሰዓዳ ጋ ይደርሳል ኪሱ ባዶ።»

«ለብ ካለ ምን አነሰው?» አሉ ጋሽ ተማም፤
«ከምንም ይሻላል። እሷም ቅር አትሰኝም።»

ዝም አልኩ።
እኔ ሰባተኛ ልጅ ነኝ።
ቆቺ፣ ጓሯችን፣ አንድ የዚንጎ ሳፋ፤
ዐርብ ዐርብ ውኃ ይፈላል፣ በተራ እንገባለን።
ሙክታር ሲወጣ ጀርባው እንፋሎት ለብሶ፣
ዘይኔ ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ፣
እኔ ጋ ሲደርስ ውኃው የስድስት ሰው እድፍ፣
ቀዝቅዞ፣ አመድ መስሎ፣ አረፋው ተኝቶ።
እናቴ አዳልታ አይደለም።
ሳፋው አንድ ነበረ፣ መስመሩም አንድ።
ይህን ያወቅሁት በጀርባዬ ነው፣
ሰርተፍኬት ሳይኖረኝ ገና።

«ሁለተኛው ጥንድ ነው፤ አንዱ ወሳጅ፣ አንዱ መላሽ፤
ሁሉም ትኩስ ይደርሰዋል፤ ግን የቀረበው አግበስባሽ
ጉሮሮውን በቫልቭ ካላጠበቡት
ሩቁን ያስርቡት።»

«ሦስተኛስ የለውም?»
ጠመኔዬ ሄደ፣
ሳጥኖቹን ዞሮ በሌላ ጎን ወረደ፤
«አለው። መጀመሪያ የጎረሰ መጨረሻ ይመለሳል፣
መጨረሻ የጎረሰ ቀድሞ እሳቱ ጋ ይደርሳል፤
የሁሉም መንገድ ቢለካ እኩል ነው።
አሥራ ስምንት ሜትር ቧንቧ ብቻ ይጨምራል።»

«አሥራ ስምንት ሜትር!»
ጣታቸውን እያጠፉ ደምረው፣
«ለአንድ ክፍል ብለን? ተወው፤ አንደኛው ነው።»

ቀና ስል አዴ ሰዓዳ በሩ ላይ ቆመዋል፤
የምርኩዛቸው ጫፍ የጠመኔዬን መስመር ይነካል።
«ያን ገለባ ሌሊት ሌሊት ማነው የሚጨምር?»
ማንም አልመለሰም።
«እኔ ነኝ። እንቅልፍ የሌለኝ እኔ።
እንግዲያ እሳቱ ከእኔ መስኮት ሥር ይተከል፣
ቧንቧውም ከእኔ ይጀምር፤
ሳሎኑ ይጨርስ።
ለብ ካለ ምን አነሰው?»
ብለው ተመለሱ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው።

ጋሽ ተማም ሶፋቸውን አዩ፤
ቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበራቸውን አዩ፤
ጢማቸውን ዳበሱ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቀው ቆየና
«ነጂብ» አሉኝ ቀስ ብለው፣
«ያ አሥራ ስምንት ሜትር… ሜትሩን ስንት ነው ያልከው?»

ሦስተኛውን ዘረጋሁ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።
የለኮስን ማታ፣ አየሩ በቫልቩ አፏጭቶ ሲወጣ
አራቱን ብረት በመዳፌ ዞርኩ፤
የትኛው ፊተኛ፣ የትኛው ኋለኛ እንደሆነ
መዳፌ መለየት አቃተው።

አዴ ሰዓዳ ጉልበታቸውን ወደ ብረቱ አስጠግተው
እንቅልፍ ወስዷቸዋል።
ገለባውን ያን ሌሊት የጨመሩት ጋሽ ተማም ናቸው።
እኔ ካልሲዬን አድርቄ
ዳገቱን ወረድኩ።